ባዘዘው ቤት ለቅሶ ያልደረሱ ሴቶች

ብርቅነሽ ሁለት ጊዜ ተፈትታ አንድም ጊዜ ያልተፈታች ሴት ነበረች። አንዴ ሽማግሌዎች ፈቷት፣ አንዴ የካናዳዋ አልበርታ ፍርድ ቤት ፈታት። በጥንት የአይሁድ ራቢዎች ሕግ ግን ካልጋሪ ማርልቦሮ ሰፈር የሚኖር፣ ኤድመንተን ከተማ ሌላ ሴት ያለችው፣ ባዘዘው የሚባል የትራክ ሾፌር አሁንም ባሏ ነበር። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑላት አይደለም። "አይዞሽ" ጠግባለች። የምጽፈው ያ ሰው እጁ እንዴት እንደተጠመዘዘ እንድታውቁ ነው። ጠምዛዦቹ ደግሞ በዚያው ሕግ ለምስክርነት እንኳ የማይበቁ ሴቶች ናቸው።

የተወለደችው ጎንደር፣ ከቤተ እስራኤል ወገን ነው። ገና ጥርሷን ሳትነቅል በአውሮፕላን ተጭና እስራኤል ገባች። እዚያ አደገች፣ እዚያ ባዘዘውን አገባች፤ ራቢ ባርኮ፣ የጋብቻው ጽሑፍ ተነቦ፣ ብርጭቆ በእግር ተሰብሮ፣ ሁሉም በወጉ። ከዚያ የባዘዘው ዘመድ "ካልጋሪ ሾፌር ይፈለጋል" ሲለው ተነሥተው መጡ። እሷ ዋይትሆርን ሰፈር አጠገብ ባለ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ገባች፤ ሳህን ከማጠብ ተነሥታ ዛሬ የወጥ ቤቱ አለቃ ናት። ጨው የተከለከሉ ሽማግሌዎች የእሷን ሾርባ አጣጥመው "ጨው ረስታችሁ አስገባችሁበት እንዴ" ብለው ነርስ ይጠራሉ።

ሌላም ሥራ አላት፣ የማይከፈላት። የእኛ የጎንደሮች እድር ክርስቲያኑንም ቤተ እስራኤሉንም የያዘ ነው፤ አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበላ ለቅሷችን ሁልጊዜ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለሊቀመንበሩ ለገብረመድኅን አይደለም፤ ለብርቅነሽ ነው። ትልልቆቹ ድስቶች የሚቀመጡት እሷ ጋራዥ ውስጥ ነው። ማን ከሟቹ ጋር ተኳርፎ እንደነበር፣ ማንን ከማን አጠገብ ማስቀመጥ እንደማያስፈልግ፣ አልቃሽ ሲያጥር ማን ቶሎ እንባ እንደሚመጣላት፣ ሁሉንም ታውቃለች። ወንዶቹ ስብሰባ ይመራሉ። ለቅሶውን ግን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ።

ባዘዘው አልመታትም። ሽማግሌ ፊት ሁልጊዜ የሚያስቀድመው ይህንን ነው፤ "እኔ እጄን አንሥቼባት አላውቅም" ይላል፣ ሜዳልያ እንደሚጠብቅ ሰው። ልጅ ግን አልመጣላቸውም፤ እንግዳ ፊት "በቅሎ" ይላት ነበር። "በቅሎዋ ውሃ ታምጣልን" ይልና ይስቃል። እንግዳውም ይስቃል፤ ማን መሆናችሁን ታውቃላችሁ። ኤድመንተን ያለችው ሴት ስታረግዝ ጨርቁን ጠቅልሎ ማርልቦሮ ቤት ተከራየ።

ያኔ ነው ጋሼ የሺጥላ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ፣ የተፈታቱት። ጋሼ የሺጥላ እዚህ ካሉት የቤተ እስራኤል ሰዎች ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ። ባዘዘው ቆሞ፣ "ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት፤ የወደደችውን ታግባ" አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሁለቱም አሜን አሉ፣ አለቀ። ጎንደር እንዲህ ነበር የሚፋቱት። ራቢ የሚባል ሰው፣ ራቢዎች የጻፉት የፍቺ ሕግ የሚባል ነገር እነሱ አገር አልደረሰም ነበር፤ የሙሴን ሕግ ይዘው በቄሶቻቸውና በሽማግሌዎቻቸው ነው ዘመናትን የኖሩት። ስለዚህ ከዚያ ቤዝመንት ከነበረው ሰው ሁሉ አንድም "ጌቱስ፣ የፍቺው ጽሑፍስ?" ብሎ የጠየቀ የለም። በራቢ ታስረው በሽማግሌ ተፈቱ። ይህን ስህተት ከእነሱ በቀር በዓለም ላይ ሊሠራው የሚችል ሕዝብ የለም።

ስህተቱ የታወቀው ሩቤን ሲመጣ ነው። ሩቤን የሲ-ትሬን፣ የከተማው ባቡር ጥገና ላይ የሚሠራ፣ እሱም ከእስራኤል የመጣ፣ ዝም ብሎ ሰው የሚሰማ ሰው ነው። ሊጋቡ ፈለጉ። ብርቅነሽ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ሐኪሟ "የምትወልጂ ከሆነ አሁን ነው፤ ደግሞ ምንም ችግር የለብሽም" ብላታለች። በቅሎ አልነበረችም ማለት ነው። ከሐኪሟ ዘንድ እንደወጣች ለእኔ ለጓደኛዋ ደውላ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አልሰማሁም። ቢላ ሲሳል ነው የሰማሁት።

ወደ ራቢው አብሬያት ሄድኩ። ወጣት ነው፣ እንግሊዝኛው ለስላሳ፣ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ ዓይነት።

"ጌቱን ይዘሻል?" አላት። ጌት ማለት ባል ለሚስቱ በእጁ የሚሰጣት የፍቺ ጽሑፍ ነው።

"ፍርድ ቤት ፈትቶኛል።"

"እሱ የመንግሥት ነው።"

"ሽማግሌ ፈትቶኛል።"

"እሱ ደግሞ... የተከበረ ልማድ ነው" አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ። "ግን ባልሽ በፈቃዱ ጽፎ ካልሰጠሽ እኔም ማንም ልንፈታሽ አንችልም። ባል ሊፈታ ሲፈልግ የሚስት እሺታ በጥንቱ ሕግ አይጠየቅም ነበር፤ የባል እሺታ ግን ያኔም ዛሬም ግድ ነው።"

"እንዲሁ ብወልድስ?"

መነጽሩን አወለቀ። "ባለትዳር ሴት ከሌላ ወንድ ከወለደች ልጁ ማምዜር ይባላል። ዲቃላ ማለት አይደለም፤ ከዚያ የከበደ ነው። አድጎ ከእስራኤል ልጅ ጋር መጋባት አይችልም። ልጆቹም አይችሉም።"

"ኤድመንተን የወለደውስ? እሷም የእኛው ወገን ናት።"

"ያቺ ሴት ባል አላት?"

"የላትም።"

"እንግዲያው ልጁ ንጹሕ ነው።"

ብርቅነሽ ተነሥታ ኮቷን ለበሰች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ፣ "ራቢ፣ ይህን ስትነግረኝ ቀና ብለህ ብታየኝ ጥሩ ነበር" አለችው።

ባዘዘውን ያገኘነው ማርልቦሮ ሞል ፓርኪንግ ነው። እኔ መኪናው ውስጥ ነበርኩ፤ መስኮቱ ክፍት ነው።

"ባዜ፣ አንድ ወረቀት ነው።"

"ፈትቼሽ የለ እንዴ? ጎንደር ፈታሽ፤ ጎንደር ታጋባሽ።"

"ራቢው አልቀበልም አለ።"

"እንዲያ ካለማ ሚስቴ ነሽ ማለት ነው። ነይ ቤት፣ የሚታጠብ ካልሲ አለ።"

"ሩቤን ምን አደረገህ?"

"ሩቤንማ ጨዋ ነው። ለዚህ እኮ ነው የማዝንለት። የማትወልድ በቅሎ ነው የሚያስታቅፉት።" ከዚያ መስኮቱ ውስጥ አጎንብሶ ወደ እኔ፣ "አንቺስ፣ ጠበቃ ሆንሽ?" አለኝና ሄደ።

ጠበቃ አይደለሁም። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ግን ዳውንታውን ያለው ላይብረሪ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ስለ ጥንት ራቢዎች ሕግ ያገኘሁትን ሁሉ በሰባራ እንግሊዝኛዬ አነበብኩ። በሠራሁበት ቀን እንኳ እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም። ሴት በሦስት መንገድ ትገዛለች ይላል፤ በገንዘብ፣ በጽሑፍ፣ ወይም በአልጋ። ራሷን መልሳ የምትገዛው ግን በሁለት ብቻ ነው። ይህን ለብርቅነሽ የነገርኳት ሞሉ ውስጥ፣ የምግብ አዳራሹ ጋ ተቀምጠን ነው።

"አንደኛው ጌት ነው" አልኳት።

"ሁለተኛውስ?"

"የባል ሞት።"

ሻይዋን አስቀመጠች። "እሱ ይቀለኛል። ወጥ ቤት ነው የምሠራው።"

"ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ማን አማርኛ ያውቃል?"

"ከኋላሽ ያሉት ሁሉ።"

ሳቀች። ከዚያ፣ "ሴት ምስክር አትሆንም ብለሽኛል። ሞተ ብዬ ብናገርስ?" አለች።

"የሚገርመው ያኔ ያምኑሻል። በሌላው ነገር ቃልሽ አይቆጠርም፤ ‘ባሌ ሞተ’ ብለሽ ከመጣሽ ግን ተቀብለው ያጋቡሻል።"

"በይ ነገ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እሄዳለሁ።"

"ቆይ፤ ከባልሽ ጋር ተጣልታችሁ ከነበረ አትታመኚም ይላል።"

ብርቅነሽ ሻይዋን መልሳ አነሣች፤ "ያውቁን ነበር ማለት ነው" አለች።

ልናገር። እነዚያ ጥንታውያን ጨካኞች ብቻ አልነበሩም። ባል ሚስቱን በቁጣ አውጥቶ እንዳይጥላት የጋብቻ ጽሑፍ አበጅተውላታል። ባሏ ቆዳ ፋቂ ከሆነና ሽታውን አልችልም ካለች ያስፈቱታል። ባዘዘው የሚነዳው ትራክ ነው፤ የሱ ሽታ ሌላ ዓይነት ነው። እናንተም የእኔ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ እዚህ ላይ ደርሳችሁ "የአይሁድ ነገር" ብላችሁ ከንፈር እንዳትመጥጡ። በቁርባን ያገባችውን፣ ዓይኗ ጠቁሮ የመጣችውን ሴት "ቻይው ልጄ፣ መስቀልሽ ነው" ብሎ የመለሰ ቄስ ከዚህ ከተማ ስም እየጠራሁ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ።

ከሁሉ ግን አንድ ነገር ይዤ ወጣሁ። ባል በፈቃዱ ካልሆነ አይፈታም ይላል ሕጉ፤ መፍታት የሚገባው ሰው እንቢ ካለ ደግሞ፣ "ፈቅጃለሁ እስኪል ድረስ ያስገድዱታል" ይላል። ሁለቱንም ያሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ብርቅነሽ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

"እስኪል ድረስ?"

"እስኪል ድረስ።"

"በምን ያስገድዱታል?"

"ያኔ በዱላ። ዛሬ ዱላ የለም።"

ዱላ አልነበረም፤ ጊዜም አልነበረም። የቶሮንቶ የራቢዎች ፍርድ ቤት ባዘዘውን ጠራው፣ አልሄደም። ደግሞ ጠራው፣ "ሺፍት አለብኝ" አለ። ሽማግሌዎቹ ባዘዘውን ትተው እሷን ያባብላሉ፤ "ትንሽ ታገሺ፣ ልቡ ይመለሳል" ይሏታል። የወንድ ልብ እስኪመለስ የሴት ማሕፀን ቆሞ ይጠብቅ ይመስል። ሁለት ክረምት አለፈ። በመጨረሻ ቶሮንቶዎቹ፣ "ጌቱን እስኪሰጥ ድረስ ማንም አያስተናግደው፣ ለጸሎት ከሚቆሙት አሥር ወንዶች አንዱ ሆኖ አይቆጠር" ብለው ወሰኑ። ልስልሱ ራቢያችንስ? ለሰላም ሲባል ውሳኔውን ለማንም አላነበበም። ባዘዘው ሲመጣ ሲቆጠር፣ ሲመጣ ሲቆጠር ከረመ። ሩቤን እንኳ፣ ያ ታጋሽ ሰው፣ "ሌላ አገር ሄደን ባንናገርስ?" ማለት ጀመረ። ብርቅነሽ፣ "ልጄን ገና ሳይወለድ ውሸት ላሲዘው?" አለችው።

እንዲህ እያለ ነው እስራኤል ያሉት የባዘዘው እናት፣ እማማ ዝናሽ፣ ያረፉት።

እማማ ዝናሽ ብርቅነሽን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩዋት። ከተለያዩም በኋላ በየበዓሉ ይደውሉላት ነበር። ሁለት ጊዜ ልጃቸውን በስልክ "ልቀቃት" ብለውታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ኔትወርክ አስቸግሮኛል ብሎ ዘግቶባቸዋል። መርዶው የደረሳት ሥራ ላይ ሆና ነው። ሰው የሚገባበት ትልቁ ፍሪዘር ውስጥ ገብታ በሩን ሳበች። ማንም ሳይሰማት፣ በረዶ በሆነ አተር ካርቶኖች መካከል፣ የምትችለውን ያህል አለቀሰች። ወጥታ ፊቷን ታጠበችና መጀመሪያ ለመስከረም ደወለች። መስከረም የእድሩን ሴቶች የምታስተባብር፣ አንድ ጾም የማታፈርስ ክርስቲያን ናት።

"ባዘዘው ቤት ለቅሶ አንሄድም" አለቻት።

"ምን?"

"ድስት አይወጣም። ወንበር አይሄድም። ሴት አትሄድም።"

"ብርቄ፣ ሐዘን ነው እኮ። ጠላት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል።"

"ለዚህ ነው የሚያመው።"

"አንቺ እማማ ዝናሽን አትወጃቸውም እንዴ?"

"እወዳቸዋለሁ" አለች ብርቅነሽ። "ሲለምኑት የዘጋባቸው እሱ ነው። አሁን ልመናቸውን እስኪፈጽም ለቅሷቸውን ልይዝበት ነው። ነውሩ የእኔ ይሁን፤ አንቺ ብቻ ደውይ።"

 መስከረም ኋላ ስትነግረኝ፣ ያኔ ትዝ ያላት ዓይኗ ጠቁሮ ሄዳ ቄስ ወደ ባሏ የመለሳት የገዛ እህቷ ነበረች። ደወለች። በአንድ ከሰዓት ቃሉ ሁሉም ሴት ዘንድ ደረሰ። "ቢወራብንስ" ያለች ነበረች፤ መስከረም "ይወራብን" አለቻት።

ብርቅነሽ በዚያው ቀን ወደ ራቢው ሄደች። "ቶሮንቶ የወሰነው ውሳኔ በሥራ ላይ ነው ወይስ ተቀምጦ ነው?" አለችው።

"ሰውየው ሐዘን ላይ ነው፤ አሁን ማስጨነቅ..."

"እኔ ስንት ክረምት ሐዘን ላይ ነኝ። አንተ ቤቴ መጥተህ ታውቃለህ?"

ቀና ብሎ አያት። ምን እንዳየ እንጃ፤ በማግሥቱ በጸሎት ሰዓት ውሳኔውን ጮክ ብሎ አነበበው።

አሁን የባዘዘውን ቤት ተመልከቱልኝ። ማርልቦሮ፣ ዝቅ ያለች አሮጌ ቤት፣ ሳሎኑ ውስጥ ተከራይቶ የደረደራቸው ታጣፊ ወንበሮች። እንደ ወጉ የሸሚዙን ክሳድ ቀድዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ኤድመንተን ያለችው "ሕፃኑ ታሟል" ብላ አልመጣችም። በመጀመሪያው ቀን ገብረመድኅን የተወሰኑ ወንዶች አስከትሎ ሄደ። ተቀመጡ። ውሃ የሚያመጣ የለም። ወጥ የለም። ከሁሉ በላይ የሚያለቅስ የለም፤ ሴት የሌለበት ለቅሶ ተራ እንደሚጠበቅበት ቢሮ ነው። አንዱ ስልኩን አወጣ፣ ሌላው ስለ መኪና ኢንሹራንስ ጀመረ። ቶሎ ወጡ። ገብረመድኅን ለብርቅነሽ ደውሎ፣ "እድር ነው እኮ፣ ምን ማለት ነው ይሄ?" አላት።

"ማን ከለከላችሁ ጋሼ ገብረመድኅን? አልቅሱ። ሽሮም ሥሩ። ድስቱን ከፈለጋችሁ ጋራዡ ክፍት ነው።"

ማንም ለድስቱ አልመጣም። የአንዳንዱማ ሚስት፣ "ደግመህ ከሄድክ እዚያው እደር" ብላዋለች።

ባዘዘው ለራቢው ደወለ፤ ለእናቱ ጸሎት የሚያደርስ አሥር ወንድ እንዲልክለት። "አልችልም" አለው ራቢው። "እዚህም ብትመጣ ከአሥሩ አትቆጠርም።" ሴት ከአሥሩ አትቆጠርም፤ ከተወለደች ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ለምዳዋለች። እሱ ግን አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ሲቆጠር የኖረ ሰው ነው። አለመቆጠር ምን እንደሚመስል በእናቱ ሞት ቀመሰው። ደስ አለኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ አልደብቀውም።

በሦስተኛው ቀን የሄዱት ጋሼ የሺጥላ ብቻ ናቸው። የተነጋገሩትን የሰማሁት ከሳቸው ነው።

"ጋሼ፣ ሰው የት ሄደ?"

"ሰውማ አለ። ቤቱ ነው ያለው።"

"እኔን ይጥሉኝ። እናቴ ምን አደረገች?"

"እሷማ ምንም አላደረገች። ልቀቃት ብላህ ነበር አሉ።"

 ባዘዘው፣ "እርስዎ ፈትተውን አልነበር?" አላቸው።

"እኔ ፈትቻችሁ ነበር። አልተቆጠረም። አንተም እንዳልተቆጠረ ስታውቅ ሳቅህ። አሁን የሚቆጠረውን ስጣት።"

"ብሰጣት ይመጣሉ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ ጋሼ የሺጥላ ዱላቸውን ይዘው እየተነሡ። "ድስቱ እነሱ ጋ ነው።"

በማግሥቱ ከሰዓት ብርቅነሽ የምትሠራበት ቤት የኋላ በር፣ የአትክልት መኪና የሚራገፍበት ቦታ፣ ቆሞ አገኘችው። ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ያው የተቀደደው ነው። ሽርጧን ሳታወልቅ ወጣች።

"ብርቄ፣ አንዴ ነይና አልቅሽላት። ትወድሽ ነበር።"

"ማን ሆኜ ልምጣ? ምራት ሆኜ ከመጣሁ ሚስትህ ነኝ። መጀመሪያ ፍታኝ፤ ልጃቸው ሆኜ አለቅሳለሁ።"

"ሰው በሐዘኑ እንዲህ ይደረጋል?"

"ሰውማ አይደረግም።"

መሬት መሬት አየ። "በቃ ይቅር በይኝ።"

"ይቅርታ አልጠየቅኩህም ባዜ። ወረቀት ነው የጠየቅኩህ።"

"እሺ። ሐዘኑ ይለፍና..."

"ሐዘኑ ሲያልፍ አንተን አውቅሃለሁ። ራቢው ጋ አሁን ትደውላለህ፤ እዚሁ ቆመህ። እኔ ድንች ምድጃ ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት፣ አታቁመኝ።"

ደወለ። ራቢው "ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም፣ ሰባቱ ቀን ይለፍ" ሊል ጀምሮ ነበር አሉ፤ ከዚያ ቶሮንቶ ጠይቆ፣ የታሰረችን ሴት መፍታት አይዘገይም ተባለ። ዳኞቹና ጸሐፊው በአውሮፕላን መጡ።

የጌቱ ሥርዓት የተደረገው ምኩራቡ ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። እኔና መስከረም በሩ አጠገብ ቆምን። ምስክሮቹ ሁለት ወንዶች ናቸው፤ አንዱ ብርቅነሽን ከዚያ በፊት አይቷት አያውቅም። ታሪኳን ከሥሩ የምናውቀው እኛ እንደ ዣንጥላ በር ሥር ቆመናል። ጸሐፊው በላባ እየጻፈ ቆየ። የእሷን ስም፣ የሱን ስም፣ የከተማውን ስም፣ ካልጋሪ የምትጠቀምባቸውን ወንዞች ሳይቀር ጻፈ። ከዚያ አንዱ ዳኛ ባዘዘውን ጠየቀው።

"ይህን የምትሰጠው በፈቃድህ ነው?"

"አዎ።"

"ማንም አላስገደደህም?"

ባዘዘው ቀስ ብሎ ዞሮ ወደ በሩ አየ። መስከረም ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ትክ ብላ አየችው።

"ማንም" አለ። "ፈቅጄ ነው።"

ብርቅነሽ እጅሽ ባዶ ይሁን ስለተባለች የጣቷን ቀለበት አውልቃ ሁለት እጇን እንደ ጽዋ ዘረጋች። እንዳይነካት፣ እንዳትቀማው፣ ከላይ መጣል አለበት። "ይኸው ጌትሽ፤ ተፈትተሻል፤ ለማንኛውም ሰው የተፈቀድሽ ነሽ" አላት፣ ራቢው ቃል በቃል እያስባለው። ጣለው። ያዘችው። ብብቷ ሥር አድርጋ እንደታዘዘችው እስከ በሩ ተራመደች፤ እዚያ እኛ ነበርን። መስከረም አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። ብርቅነሽ አላለቀሰችም። "ቀላል ነው" አለች፤ "ለዚህ ነው እንዴ የገደሉኝ?"

ራቢው ተከትሎን ወጥቶ፣ "እንግዲህ ሦስት ወር ከጠበቅሽ በኋላ ማግባት ትችያለሽ፤ ከቀድሞ ባልሽ አርግዘሽ እንዳይሆን ነው ሕጉ" አላት።

"ከሱ? እጁን ከነካሁ ዓመታት አለፉ።"

"አውቃለሁ። ሕጉ አይለይም።"

"ይሁን" አለች። "ሦስት ወር ለሩቤን ሱፍ ማሰፊያ ይሆነናል። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ቀን እንዳታዘገየኝ።" ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ የያዘችው ከምኩራቡ ሳንወጣ፣ ከኮሪደሩ ሆና ነው። ይወለድ አይወለድ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ቢወለድ ግን ስም የሚለጥፍበት የለም።

ከዚያ ጋራዟን ከፈተች።

በሰባተኛው ቀን እንደነበረው ያለ ለቅሶ ካልጋሪ አይታ አታውቅም። ሴቱ ሁሉ መጣ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ወንበሩ በቅጽበት ቦታ ቦታውን ያዘ። ወንዶቹ ውሳኔው ከላዩ ስለተነሣ አሥራቸውን ሞልተው ጸሎቱን አደረሱ፤ ባዘዘውም ተቆጠረ። ነገሩ ያለቀለት መስሎት ፊቱ ትንሽ ተፈታ። ለሁሉም "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል። ብርቅነሽ ስትገባ ብድግ ሊልላት ሞከረ። በአጠገቡ አልፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የእማማ ዝናሽ ፎቶ ዞራ ቆመች። ደረቷን መታች። የፍሪዘሩን ለቅሶ አሁን አወጣችው፤ በሙሾ።

"እማምዬ ዝናሽ የጎንደር እመቤት፣
ልቀቃት ብለሽው ሳይሰማሽ ሞትሽበት።
በሕይወት ስትለምኚው እንቢ ያለው ልጅሽ፣
ሬሳሽ አስገደደው፣ ሞተሽ ነው የሰማሽ።"

ሴቶቹ ተቀበሏት። መስከረም ተቀበለች፣ ቤቱ ተናወጠ። ሙሾ ላይ የተባለ ነገር አይመለስም፤ ሐዘንተኛም "ዝም በይ" ማለት አይችልም። እማማ ዝናሽ በወጉ ተለቀሱ። ልጃቸውም በእናቱ ፎቶ ፊት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ የሠራው ተነገረው።

ባዘዘው መሬት ላይ ተደፍቶ ማልቀስ ጀመረ። የምር ነበር፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሐዘንተኛ እንዲህ ሲሆን አጠገቡ ያለ ሰው ክንዱን ይዞ "በቃህ፣ አይበቃህም?" ይለዋል፤ ካላሉት ማቆሚያ የለውም፣ ራሱ ማቆም ነውር ነው። ገብረመድኅን ሊነሣ ብሎ ሚስቱን አየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ወንዶቹ ወደ ሴቶቹ አዩ። ሴቶቹ ወደ ብርቅነሽ አዩ። ብርቅነሽ ፊቷን በነጠላዋ ጠራርጋ፣ ሽሮው እንዳይዝባት ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ባዘዘው ያለቅሳል። ሰው ምሳውን በላ።